«ናስ ሁሉ ናስ ነው» የሚለው አደገኛ ምክር

እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲጠፋ፣ ብዙ ሰው ጥይቱን ቤቱ መሙላት ጀመረ። የተተኮሰውን ቀለህ ያነሳል፣ ካፕሱሉን ይቀይራል፣ ባሩድ ይጨምራል፣ አረሩን ይገጥማል። ለግል መጠቀሚያ እስከሆነ ድረስ በዚያ አገር የተፈቀደ ነው፤ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። ችግሩ አብሮ የተስፋፋው ምክር ነው፦ «ናስ ሁሉ ናስ ነው፤ ርካሹን ግዛ!»

ይህ ምክር ውሸት ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ መካሪው ሳይሆን ተኳሹ ነው።

ቀለህ ባሩድ መያዣ ብቻ አይደለም። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነው ይህ ናስ፣ ጥይቱ ሲተኮስ ይለጠጥና የጥይት ቤቱን ግጥም አድርጎ ይደፍናል። ጋዙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው እሱ ነው። በ.223 ሬሚንግተን ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 55 ሺህ ፓውንድ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከተኳሹ ፊት በስንዝር ርቀት ላይ ነው።

ናስ ደግሞ ይደክማል። በተተኮሰና ቅርጹ በተስተካከለ ቁጥር ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል። ቢወለውሉት ያበራል እንጂ አይታደስም። አቀማመጡም ይጎዳዋል። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር፣ በክረምት ፈረስ ጋጣ ያስቀመጣቸው ጥይቶች ሳይተኮሱ ቀለሃቸው እየተሰነጠቀ ተቸግሯል። ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ በጥናት የተብራራው በ1921 ነው።

ስለዚህ መመዘኛው ዋጋም ስምም አይደለም፤ ታሪክ ነው። ከተኩስ ሜዳ ተጠርጎ በኪሎ የሚሸጠው ቀለህ «አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ማን ቆጠረ? ማን አየ? በአንድ ከረጢት ውስጥ የስንት ፋብሪካ ሥራ ተደባልቋል? አንዳንዱ የወታደር ቀለህ ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ጠባብ ነው። ለሌላው የሚበቃው ባሩድ እዚህ ሲገባ ግፊቱ ከፍ ይላል። ሁለቱ ቀለሆች ግን ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው።

«አዲስ ቀለህ ውድ ነው፤ ይህ የሀብታም ወግ ነው» የሚሉ አሉ። የፊንላንዱን ላፑዋ ግዙ ያለ ማንም የለም። ከሁሉ የሚታመነው ቀለህ፣ ሰውየው ራሱ ከፋብሪካ የወጣ ጥይት ገዝቶ፣ ራሱ ተኩሶ፣ ራሱ የለቀመው ነው። በመቀመጫው ላይ ባለው የፋብሪካ ምልክት ይለየው፤ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይጻፍ፤ አንገቱ ሲሰነጠቅ ወይም ከመቀመጫው በላይ የሚያበራ ቀለበት ሲታይበት ይጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርቶንና እርሳስ ነው። ሻጩም የማያውቀውን ታሪክ በወረቀት ላይ መጻፉን ያቁም!

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ዓይንን ማስያዝ ከዚህም የባሰ ነው። ታሪኩ ያልታወቀ ቀለህ ቦታው ጠመንጃ ውስጥ ሳይሆን ቁራሌው ጆንያ ውስጥ ነው።