አንጋፋው ጀግና ተጠባባቂ ይሁን?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው የማወራውን ያውቃል። በአንድ መስመር ተከታትለው የሚሮጡ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ልጆች አሉ። ግማሾቹ ጫማቸው አልቋል። እዚያው ከተማ ውስጥ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መም አለ። የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ ልጆችና በባለመሙ መካከል ስላለች አንዲት ወንበር ነው። በኦሎምፒክ ማራቶን ሦስት ሰው ይሮጣል፣ አራተኛው ተጠባባቂ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ስሙ ግን የገዘፈ አትሌት በዚያች አራተኛ ወንበር ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ?

ለሎስ አንጀለስ ገና ነው ትሉኝ ይሆናል። ገና ስለሆነ ነው የማነሳው። ስም ከመጣ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ሁሉ ለአንድ ሰው የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

ከሰበታ ልጀምር። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም ላይ ፌዴሬሽኑ ለቶኪዮ የሚሄድ ሁሉ ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይለይ አለ። ቀነኒሳ ከዚያ በፊት በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቷል፤ በጊዜው ከዓለም ክብረ ወሰን የዘገየው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ኦሎምፒኩ ሦስት ወር ሲቀረው እንዲህ ያለ ማጣሪያ አልሮጥም ብሎ ቀረ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ። እኔ ያኔ ፌዴሬሽኑን ከደገፉት ነበርኩ፤ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ብዬ ከስንቱ ጋር ተከራክሬያለሁ። ከዚያ ሳፖሮ ላይ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ቀነኒሳ ቢሄድ ያሸንፍ ነበር አልልም፣ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን የሳፖሮ ሙቀትና ወበቅ ከሰበታ ደጋ ጋር ምን ያገናኘዋል? ማጣሪያው የለካው ሰበታን ነበር።

በፓሪስ ደግሞ ተገለበጠ። በዚህኛው ጊዜ ምርጫው በሰዓት ሆነ። ሲሳይ ለማ ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48፣ ደሬሳ ገለታ ሴቪያ ላይ 2:03:27፣ ቀነኒሳ ለንደን ላይ ሁለተኛ ሲወጣ 2:04:15። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ተባለ። ቀነኒሳ በውለታ ገባ የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ በ41 ዓመቱ በእግሩ ያመጣው ቦታ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የፓሪሱ መንገድ ወደ ቬርሳይ የሚወጣ፣ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ሰው የሚጥል ዳገት ያለበት ነበር። ታምራት ከወራት በፊት በድልድይና በዳገት በተሞላው ኒውዮርክ 2:04:58 ገብቶ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በወረቀት ላይ ከሦስቱ ያነሰ ሰዓት ይመስላል። ዳገት የሚያውቅ ሰው ግን እንደዚያ አያነበውም።

የሆነውን ሁላችንም አየን። ሲሳይ ተጎዳ፣ ታምራት ተተካ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ 24 ዓመት የጠበቅነው ወርቅ ነው። ደሬሳ አምስተኛ ሆነ። ቀነኒሳ በ2:12:24 39ኛ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የምሰማው አስታራቂ ሐሳብ «አንጋፋው ልምድ አለው፣ ተጠባባቂ ሆኖ ይሂድ» የሚል ነው። ደግ ሐሳብ ይመስላል። እኔ ግን አልቀበለውም።

ተጠባባቂነት ከአራቱም ወንበር ከባዱ ነው። ነገ ትሮጣለህ እንደተባለ ሰው ለወራት ትዘጋጃለህ። በዚያ ዝግጅት መሀል ሌላ ትልቅ ማራቶን መሮጥ አትችልም፣ ስለዚህ የመሳተፊያ ክፍያውም ሽልማቱም ይቀርብሃል። በመጨረሻ ማንም ካልታመመ ጓዝህን ሸክፈህ ትመለሳለህ። የ25 ዓመት ልጅ ይህን ቢከስር ሌላ ዓመት አለው። ከ40 ያለፈ ሰው የቀሩት ትልልቅ ውድድሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሰውነቱም ከልምምድ ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ድንገት ተነስ ሲባል መነሳት የሚከብደው ለእሱ ነው። ለክብሩ ብለን የምንሰጠው ወንበር የሚጎዳው ራሱን ነው።

«ማሞ ወልዴስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ ተጎድቶ ሲያቋርጥ ወርቁን ያመጣው ማሞ 36 ዓመቱ ነበር፤ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ደገመ። ግን ማሞ ሁለቱንም ጊዜ ሯጭ ሆኖ ነው የተሰለፈው፤ ለልምዱ ተብሎ ዳር አልተቀመጠም። አበበ ራሱ ሮም የሄደው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ነው እየተባለ ይተረካል። ትረካው እውነት ከሆነ፣ ያ ምትክ ስም ያለው ሰው አልነበረም፤ ዝግጁ ሰው ነበር።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። አንጋፋው በዚያ ዓመት ባለው ብቃት ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ይሩጥ፣ ዕድሜውን አትቁጠሩበት። ካልሆነ ደግሞ በአማካሪነት ይዛችሁት ሂዱ፤ እሱ በአንድ ማታ የሚነግራቸውን አሠልጣኝ በዓመት አይነግራቸውም። አራተኛው ወንበር ግን ለውድድሩ መንገድ የሚስማማ፣ ነገ ሩጥ ቢባል ለሚሮጥ ሰው ይሰጥ። መስፈርቱ ከዓመት በፊት ይለጠፍ። ተጠባባቂው ለሚያልፈው ውድድርም ካሳ ይታሰብለት።

ባለፈው ሱሉልታ ሻይ ቤት ውስጥ ይህንኑ ለአንድ ሯጭ ልጅ አወራሁለት። አንተ ብትሆን ማንን ትመርጣለህ አልኩት። «ጋሼ፣ ቀነኒሳን ነዋ! አብሮ መሄዱ ብቻ ይበቃል» አለኝ ሳያስብ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለና፣ «ካሳ ያልከው ነገር ግን» አለ፣ «ስንት ይሆናል?»