መጀመሪያ የራሳችንን መዝገብ እንግለጥ

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን በተሰበሰብንበት ሁሉ «እዚህም አገር ቢሆን የሚገዛው ገንዘብ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ወሬው መሠረት የለውም አልልም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለምርጫ ቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ የባለጸጋው ድምፅ ከተራው ሰው ድምፅ በላይ ጎልቶ ይሰማል። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከ100 አሜሪካውያን 77ቱ የዋሽንግተኑን መንግሥት ያምኑ ነበር፤ በ2024 ግን የሚያምኑት 22 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ገንዘብ አንዱ ነው።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 በተሻሻለው ሕግ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዛሬ ለፌዴራል ዕጩ በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራው፣ አሠሪውና የሰጠው መጠን ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ዕጩውም ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለው ይዘረዝራል። ሕጉ ቀዳዳ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የለጋሾቻቸውን ስም ሳይገልጹ ሚሊዮኖችን የሚያፈሱ ድርጅቶች ሞልተዋል። ቢሆንም «ገንዘቡ ከየት መጣ? የትስ ገባ?» ብሎ የጠየቀ ዜጋ መዝገብ ይገለጥለታል እንጂ ከሃዲ አይባልም።

እኛስ? «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገሬ ሰው። ኢህአዴግ በሥልጣን ላይ ሳለ የፓርቲውንና የመንግሥትን ካዝና ቀላቅሏል፣ እነ ኤፈርትን የሚመረምር የለም እያልን ስንከስ ኖረናል። ክሳችንም ትክክል ነበር።

በ1998 ዓ.ም. የቅንጅት መሪዎች ቃሊቲ ታስረው ሳለ፣ በአንድ የሆቴል አዳራሽ በተደረገ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ተገኝቼ ነበር። የታክሲ ሾፌሩ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ሁለት ሥራ የምትሠራው እህታችን ሁሉም ከጉሮሯቸው ነጥቀው ሰጡ። እኔም የአቅሜን ሰጠሁ። ደረሰኝ አልተሰጠኝም፤ አልጠየቅሁምም። ከወራት በኋላ «ስንት ተሰበሰበ? ለታሳሪ ቤተሰብስ ስንቱ ደረሰ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ የመለሰልኝ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወያኔ የሆንከው?» ብሎ ነበር። መሪዎቹ በ1999 ዓ.ም. ከተፈቱ በኋላ ድርጅቱ ሲከፋፈል የውጭ አገር ደጋፊውም አብሮ ተከፋፈለ፤ ከጭቅጭቁም አንዱ የገንዘብ ጉዳይ ሆነ። ገንዘቡ ተበላ አላልኩም፤ አላውቅምና። የሚያሳዝነው ግን ይኸው አለማወቄ ነው።

«የለጋሽ ስም ይፋ ከወጣ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ይጎዳል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1958 የአላባማ ግዛት አንድን የጥቁሮች መብት ማኅበር የአባላትህን ዝርዝር አስረክብ ማለት እንደማይችል የወሰነው፣ አባላቱ የሚደርስባቸውን የበቀል እርምጃ አይቶ ነው። እንግዲያው የሰጪው ስም ይጠበቅ። የወጪው መዝገብ ግን ለምን ይደበቃል? ለእያንዳንዱ ሰጪ ቁጥር ያለው ደረሰኝ መስጠት፣ ከአመራሩ ጋር ንክኪ በሌለው የሒሳብ አዋቂ በየዓመቱ ማስመርመር፣ የገቢና የወጪውን ድምር ለሕዝብ ማውጣት ማንን ይጎዳል?

ወገኖቼ፣ ሕዝብ መንግሥትን የሚያምነው መሪዎቹ ደግ ስለሆኑ አይደለም፤ መጠየቅ ስለሚችል ነው። በአዳራሽ ለተሰበሰበ ገንዘብ መልስ መስጠት የከበደው ድርጅት ነገ ቤተ መንግሥት ቢገባ ለአገር በጀት መልስ ይሰጣል ብሎ ማን ያምነዋል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለመቅበር ሥልጣን እስክንይዝ መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ከአንድ ወገናችን አሥር ዶላር ስንቀበል እንጀምር።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!