ከጃፓን ያልወሰድነው

ከጃፓን ብዙ ነገር ወስደናል። ሦስቱን ብቻ ልቁጠር።

አንደኛው ሕግ ነው። በ1923 ዓ.ም. ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጽሑፍ ሕገ መንግሥት መልኩን የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ወዲያው በ1924 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክተኝነት ጃፓን ሄደው ተመለሱና ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙት። ርዕሱ ራሱ ምን ያህል እንደተደነቁ ይናገራል። «እንደ ጃፓን እንሁን» የሚለው ምኞታችን እንግዲህ ዘጠና ዓመት አልፎታል።

ሁለተኛው ድልድይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮን ሲደርስ መሬቱ ከፊቱ ይከፈትበታል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን የሚሻገረው ከአሮጌው ድልድይ ጎን በቆመው በህዳሴ ድልድይ ነው። 303 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ የሚገባ ሁሉ የጃፓንን ስጦታ ረግጦ ነው የሚያልፈው።

ሦስተኛው ካይዘን ነው። በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፣ ሠልጣኝ ተመለመለ፣ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተለጠፈ።

ሕጉን፣ ድልድዩን፣ የሥራ ዘዴውን ወሰድን። አራተኛውን ግን ማንም አላሰበውም። ቀላል ስለሆነ ይሆናል። ልጆችን ይዞ የገዛ ሀገርን መጎብኘት፣ የደረሱበት ቦታ የሚበላውን እዚያው መብላት፣ ተራራውን ማየት፣ በቃ።

ሰሞኑን ስልካችን ላይ የሚዞረውን እንየው። የእኛ ሰዎች፣ የውጭውም የአዲስ አበባውም፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ጃፓን ይሄዳሉ። ኪዮቶ ቀርከሃው ውስጥ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፍል ውሃ ይገባሉ፣ ኑድል ይበላሉ። ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል? ከዚያ ያው የታወቀው አስተያየት ይከተላል፦ «ንጽህናቸው! ሥርዓታቸው! እኛ እኮ...» ይባልና ራሳችንን መሳደብ ይጀመራል።

በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የማናየው ሰው አለ። ከኋላ ተሰልፎ የቆመው ጃፓናዊ ቤተሰብ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ አንዲት አያት። ከሌላ ከተማ መጥተው የገዛ ሀገራቸውን እየጎበኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 37 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ ሰው ጃፓን ገብቷል፤ ያም ሆኖ እዚያ ሀገር ለጉዞ የሚወጣውን አብዛኛውን ገንዘብ የሚያወጣው ጃፓናዊው ራሱ ነው። ተማሪው አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ ከክፍሉ ጋር ራቅ ወዳለ ከተማ ይጓዛል፤ መካከለኛውን ሲጨርስ ይደገማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳለ ይሠለሳል። ሀገር መውደድን በመዝሙር ብቻ አልተማረውም፤ በአውቶቡስ ሄዶ አይቶታል።

እኛስ? እኛ ዘንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፈረንጅ ነው፦ ካሜራ፣ አስጎብኚ፣ ላሊበላ። ሁለተኛው የግዴታ ነው፦ ለቅሶ፣ ተዝካር፣ ሰርግ። ወላጆቹ ከምሥራቅ ጎጃም የሆኑ አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ጠይቁ። «ሀገር ቤት ሄደህ ታውቃለህ?» ስትሉት «አዎ፣ አያቴ ሲሞቱ» ይላችኋል። ሌሊት ተነስተው ሄዱ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ በማግስቱ ተመለሱ። ለዚያ ልጅ ሀገር ቤት ማለት ድንኳን ነው። ጮቄ ከየት በኩል እንደሚታይ፣ ጨሞጋ ከየት እንደሚነሳ፣ አያቱ ሲያርሱ የኖሩት ምን እንደሆነ ማንም አላሳየውም። አድጎ «ሥሬ» የሚለው ነገር ባዶ ቃል ቢሆንበት በማን ይፈረዳል?

«ኧረ እንሄዳለን! ለንግሥ እንሄዳለን!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግሸን፣ ቁልቢ፣ ግሽ ዓባይ የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ክርክሬን ግን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መሄድ የምንችል ሕዝብ ነን። ስንቅ ቋጥሮ፣ በሶ አስይዞ፣ ሕፃን አዝሎ መንገድ መውጣት የምናውቅ ነን። የጎደለን መጎብኘትን ከቁም ነገር መቁጠር ነው።

ስንቅ ካልን አይቀር በምግቡ እንግባ። ምክንያቱም የነውራችን ጓዳ እዚያ ነው።

ጃፓን ውስጥ በባቡር ጣቢያ የሚሸጥ «ኤኪቤን» የሚሉት የምሳ ሳጥን አለ። ነገሩ ስንቅ ነው፣ ሌላ አይደለም። እንደሚነገረው ከሆነ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 በሩዝ ጥቅልና በኮመጠጠ ፕለም ነው። የእረኛ ምግብ በሉት። ዛሬ የየአካባቢው ሳጥን የየራሱን ነው የሚይዘው፦ የባሕር ዳርቻው ዓሣውን፣ ተራራማው እንጉዳዩን። ሰው ያንን ሳጥን ለመብላት ብሎ ባቡር ይሳፈራል። ሚቶ የሚባል ከተማ አላቸው፤ የሚታወቀው በናቶ ነው። ናቶ የተብላላ አኩሪ አተር ነው፤ ይሸታል፣ ይዝለገለጋል፤ ጃፓናዊው ራሱ ሁሉም አይወደውም። ሚቶ ግን አላፈረበትም። እንግዳ ሲመጣ «የእኛ ይሄ ነው» ብሎ ያቀርባል፣ ጠቅልሎም ይሸጣል።

አሁን ስልጆን አስቡት። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦና በስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት የሚብላላ፣ የጾም ወጥ። በጥበቡ ከናቶ በምን ያንሳል? ታዲያ ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ምን ይቀርባል? ጥብስ፣ ፓስታ፣ ሽሮ፣ ክትፎ። አዲስ አበባ የተውነው ምግብ 300 ኪሎ ሜትር ሄዶ ይጠብቀናል። የጮቄ ድንች ከመንገዱ ዳር ሕፃናት እጅ ላይ ነው እንጂ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ የለም። የገብስ እንጀራ፣ እልበት፣ በሶ፣ ገንፎ ሁሉም ጓዳ ናቸው።

ጓዳ ያስገባቸው እፍረት ነው። የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ ሲመጣ አያት ዶሮ ታሳርዳለች። «እስቲ ያንን ድንች ቀቅይልኝ እማማ» ቢላት «ውይ በሞትኩት! ድንችማ ለአንተ ይቀርባል? ሰው ምን ይለኛል?» ትላለች። ፍቅሯን አልነቅፍም፤ እንግዳ ማክበር ትልቅ ሥርዓት ነው። ግን ከዚህ ሥርዓት በስተጀርባ የተቀመጠው ሐሳብ ምንድን ነው? እኛ በየቀኑ የምንበላው ለሰው አይሆንም ማለት ነው። ልጁም ይህንኑ ተምሮ ይመለሳል። ከዚያ ቶኪዮ ሄዶ የተብላላ ባቄላ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ «ባህላቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ!» ብሎ ይጽፋል። አያቱ ጓዳ የነበረውን አልቀመሰውም።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚፈለግ እህል ይዘራል፣ የማይፈለግ ይቀራል። ገዢ ያለው ነጭ ጤፍ ነው፤ በየደጋው የነበረው የገብስ ዓይነት ግን የሚበላው ከጠፋ ዘሩን ማን ያስቀምጠዋል? ስልጆ የምትሠራው ሴት ሙያ ለልጇ ካልተላለፈ ከየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? እንግዳው «የናንተን አምጡልኝ» ማለቱ ለገበሬው ገበያ ነው፣ ለዘሩም ዕድሜ።

ጃፓኖች ይህን በብልሃት ነው የያዙት። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአውራ ጎዳና ዳር «ሚቺ ኖ ኤኪ» የሚባሉ የመንገድ ጣቢያዎች አቋቋሙ፤ ዛሬ ከ1,200 በላይ ናቸው። ነጻ መኪና ማቆሚያ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ከጎኑ የአካባቢው ገበሬ የራሱን ምርት የሚሸጥበት ሱቅ። ብዙ ቦታ እሽጉ ላይ የገበሬው ስም ተጽፎበታል። ይህንን ለመሥራት ሮኬት አያስፈልግም። በጃፓን ድልድይ ተሻግሮ ደጀን የወጣ ቤተሰብ የሚያርፍበት፣ ድንችና ቅቤ፣ ማርና በሶ በባለቤቱ ስም የሚገዛበት አንድ ቤት ለመሥራት ካይዘን የሠለጠነ አንድ ሰው ይበቃል።

ወደ ተራራው እንሂድ። ፉጂ 3,776 ሜትር ነው። ሥዕሉን የማያውቅ የለም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፉጂን ቁልቁል ያያል። ጅብራው እንደ ሐውልት የቆመበት፣ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም የዓባይ ገባሮች የሚነሱበት ነው። «የውሃ ማማ» እንለዋለን። ማማውን ግን እያረስነው ወደ ጫፉ ወጥተናል፤ የአስታ ደኑ ተመናምኗል፣ አፈሩ በየክረምቱ ይወርዳል። ዓባይ ብለን ስንዘፍን የምንኖር ሕዝብ፣ ስለ ግድቡ ስንከራከር የምናድር ሕዝብ፣ ውሃው የሚነሳበትን ሜዳ ያየነው ስንቶቻችን ነን? ያላዩትን ነገር ማዘን ከባድ ነው። ለጮቄ የሚጮኽ የከተማ ወጣት ያጣነው ለዚህ ነው።

መጽሐፉም እንዲሁ ነው። የናትሱሜ ሶሴኪ «ቦቻን» እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣ ልቦለድ ነው። የማትሱያማን ሰዎች እያሾፈ ነው የሚተርከው። ማትሱያማ ግን አልተቀየመችም፤ በስሙ ባቡር አስነዳች፣ በስሙ ጣፋጭ ሸጠች። እኛ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስና በዲማ ተምረዋል። በዛብህ ከማንኩሳ ወደ ዲማ ሲሄድ ያላለቀሰ አንባቢ ጥቂት ነው። መጽሐፉን በፍቅረኛሞች ቀን ፎቶ አንስተን እንለጥፈዋለን። ልጆቹን ይዞ «ኑ፣ ዲማን ላሳያችሁ፣ ቅኔ የሚቆጠርበትን ጎጆ ላሳያችሁ» ያለ ወላጅ ግን የታለ?

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ። «ሰውዬ፣ ጎጃም ጦርነት ላይ ነው። ስለ ሽርሽር ታወራለህ?» ልክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰው ሲሞትና ሲታገት ኖሯል። ዛሬ ልጅህን ጭነህ ሂድ አልልም፤ ማንም ጤነኛ ሰው አይልም። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታትስ ሄደን ነበር? ድልድዩ ከተመረቀ በኋላ ባሉት ረጅም ዓመታት ገናን ላንጋኖና ቢሾፍቱ አሳለፍነው። ደግሞ ጦርነቱ የደገመብን ትምህርት አለ። ብዙው የሀገራችን ወጣት ጎጃምን የሚያውቀው በዜና ነው፤ ጎጃሜውም የሌላውን ክልል እንዲሁ። አንድን ቦታ በልጅነቱ ያየ፣ እዚያ ሰው ቤት የበላ፣ ከልጆቻቸው ጋር የተጫወተ ሰው፣ ያ ቦታ ሲቃጠል የሚሰማው ስሜት ይለያል። ጉብኝት ጦርነት አያስቀርም፤ የሰውን ሞት ቁጥር ብቻ አድርጎ ማንበብን ግን ያስቸግራል።

«ድሆች ነን፣ ሽርሽር የጠገበ ነው» የሚልም አለ። ጃፓኖች ጉዞን የጀመሩት ሲጠግቡ አይደለም። በኤዶ ዘመን የገጠሩ ሰው ወደ ኢሴ መቅደስ ለመሄድ በየመንደሩ ገንዘብ ያዋጣ ነበር፤ ዕጣ የወጣለት በሁሉም ስም ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሌላው ተራ ነው። ይሄ ዕቁብ አይደለም? ከእኛ በላይ ዕቁብ የሚያውቅ ማን ነው? ለሰርግ ድንኳንና ለልደት ኬክ የሚሆን ገንዘብ ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ፣ በሦስት ዓመት አንዴ ደብረ ማርቆስ ለመሄድ የሚጥል ዕቁብ አይከብደውም።

ጃፓንም ገነት አይደለችም። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈልሶ ገጠሩ በባዶ ቤት ተሞልቷል። ኪዮቶ በጎብኚ ብዛት ተማርራ አንዳንድ የግል መተላለፊያዎቿን እስከ መዝጋት ደርሳለች። ስለዚህ ጃፓንን እንምሰል ማለቴ አይደለም፤ ዘጠና ዓመት ሞክረነዋል። የምለው ያነሰ ነገር ነው፦ እነሱ ለገዛ ሀገራቸው እንግዳ መሆንን አልናቁም።

መንገዱ ሰላም እስኪሆን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ለአያትህ ደውል። ስልጆ እንዴት እንደሚጣል ጠይቃትና ጻፈው። የወንዙን ስም፣ የተራራውን ስም፣ ልጅ ሳለች የሚዘራውን የገብስ ዓይነት ስም ጠይቃት። አንቺም አክስትሽን ጠይቂ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ለቅሶ ሳትጠብቁ ሂዱ። ዶሮ ሊያርዱላችሁ ሲነሱ በትህትና «የናንተን ነው የምንፈልገው» በሉ። ይከራከሯችኋል፣ ያፍራሉ፣ ይምላሉ። ድንቹ እስኪቀርብ ድረስ ግን አትነሱ።