ለከሚሴ ልጅ ምኑ ነው?

«ለከሚሴ ልጅ ኒውትሪኖ ምኑ ነው?» የሚሉ ምሁራን ያስገርሙኛል። የዓለማት መነሻ ከሆነው ታላቅ ፍንዳታ 1 ሰከንድ ገደማ በኋላ ከቁስ ተላቀው የቀሩት ጥንታውያን ኒውትሪኖዎች ዛሬም በየኩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 336 ያህል እንደሆኑ ይሰላል፤ ቦርከና ዳር በቆመ ገበሬ መዳፍም ጭምር። ስቲቨን ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1962 ትሪቲየምን በመሰሉ ራዲዮአክቲቭ አቶሞች ሊጠመዱ እንደሚችሉ አመለከተ። አቶሙ ኒውትሪኖ ሲውጥ የሚተፋው ኤሌክትሮን ከወትሮው ጥቂት የበለጠ ጉልበት ይኖረዋል። ጣጣው ያችን ጥቂት መለየቱ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ አንዲቱንም በቀጥታ የያዘ የለም። ባለጠጋውም ባዶ እጁን ነው እኮ! ታዲያ «እኛማ ዘግይተናል» የሚለው የዘወትር ሰበብ እዚህ ምን ይሠራል? በኦሮምኛ የሚማረው የከሚሴ ተማሪ ይህን ጥያቄ በቋንቋው ያንብበው፤ ምኑ እንደሆነም እሱ ራሱ ይንገረን።