ከጉሮሮ የሚነሣው የልብ በሽታ

የልብ በሽታ በተባለ ጊዜ ብዙው ሰው የሚያስበው ባለጠጋውንና ሽማግሌውን ነው፤ ጮማ የሚያዘወትረውን፣ በመኪና እንጂ በእግሩ የማይሄደውን የከተማ ሰው። ሐሳቡ ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም። የደም ብዛት፣ የስኳር በሽታና ትምባሆ በከተሞቻችን ስንቱን እንደሚጎዱ እናውቃለን፤ ስለ እነርሱ በሌላ ወር እንጽፋለን። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ የምናገኘው የልብ በሽተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ጮማን በዓመት በዓል ብቻ የሚቀምስ፣ ዳገቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲወጣ ሲወርድ ያደገ፣ ዕድሜው ገና ኻያ ያልሞላ ልጅ ነው። በሽታውም የጀመረው ከጉሮሮው ነው።

በውጭ አገር ስንማር መምህራችን ይህን በሽታ በአንድ ሰዓት ትምህርት አልፈውት ነበር። በአገራቸው ድሮ የነበረ፣ ዛሬ ግን እምብዛም የማይታይ ነውና። ወደ አገራችን ተመልሰን ማዳመጫውን በልጆች ደረት ላይ ማኖር በጀመርን ጊዜ፣ ያ ያለፈ ታሪክ የተባለው ምዕራፍ በየሳምንቱ እፊታችን ይቀመጥ ጀመር።

አንዱን እንጥቀስ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን፣ ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ማለት ከቤተ ልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር አንዱ በስሟ እንደሚጠራ አንባቢያችን ያውቃል። ድጓ ለመማር ከሩቅ አገር መጥቶ የነበረ አንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት፣ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ሳለ ትንፋሹ እየተቆረጠ ዜማውን መጨረስ ተሳነው። ጓደኞቹ ምች ነው አሉት። በጀርባው ሲተኛ ስለሚታፈን የጎጆውን ግድግዳ ተደግፎ ያድር ነበር። የኔታ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ታሪኩን ብንጠይቀው፣ በዐሥር ዓመቱ ጉሮሮውን በብርቱ ታሞ እንደ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶም ጉልበቱ እንዳበጠ፣ እብጠቱና ቁርጥማቱ ከጉልበቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ወደ ክርኑ እየተዛወረ በመጨረሻ በራሱ ጊዜ እንደ ተወው ነገረን። የኔታም፦ «እንጥሉን እኮ በልጅነቱ ተቆርጧል፤ ታዲያ ጉሮሮው ምን አደረገ?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን እንዘርዝር። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በራሱ የሚድን ጉንፋን ነው። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ ነው። ይህኛው በድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት አለው፤ ከመንጋጋ በታች ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ቶንሲሉ ቀልቶ ነጭ መግል ይታይበታል፤ ሳልና ንፍጥ ግን ብዙ ጊዜ አይኖረውም። ሰውነት ይህን ጠላት ለመውጋት የሚያዘጋጀው ሠራዊት፣ ተሕዋሱ የልብን ሥጋ በመልክ ስለሚመስል በአንዳንድ ልጆች ላይ ወገንን ከጠላት ሳይለይ ይቀራል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ዞሮ መገጣጠሚያዎችንና ልብን ይወጋል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ በሮች ግን፣ ማለት ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ይጠባሳሉ። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጠባሳው ይደራረባል፤ በሩ ወይ ጠብቦ ደም አላሳልፍ ይላል፣ ወይ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። በብዛት የሚጠቁት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ እንጥል መቁረጥ ከዚህ ነገር አያድንም። ተሕዋሱ የሚያድረው በእንጥል ላይ ብቻ አይደለም፤ ምላጩ ደግሞ ደም ማፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የደም በሽታን ያመጣል። እናቶችን አንወቅስም። ጉሮሮ ልጅን እንደሚገድል ከእኛ ቀድመው ያወቁ እነርሱ ናቸው፤ የጐደላቸው መድኃኒቱ ነው።

መድኃኒቱም ብርቅ አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የተወጋ ልጅ ልቡ ከመጠቃት ይድናል ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ የተጠቃው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተወጋ፣ ቢያንስ ለዐሥር ዓመት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ መቆየት አለበት። ይህን ለሚጠራጠር ዩጋንዳ ምስክር ናት። በ1921 ሳይሆን በቅርቡ በ2021 በታተመው ጥናት፣ ሕመሙ በልባቸው ገና የጀመራቸው ልጆች ለሁለት ተከፍለው ሁለት ዓመት ተጠበቁ። በየአራት ሳምንቱ ከተወጉት 399 ልጆች የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተወጉት 400 ልጆች ግን 33 ባሰባቸው።

የቀዶ ጥገናው ጥበብ ታላቅ መሆኑን አንክድም። ጆን ጊቦን በ1953 የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ሠርቶ የሰው ልብ ከፍቶ አዳነ። በ1960 ሰው ሠራሽ የልብ በር ተተከለ። በ1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን የአንዱን ልብ ለሌላው አዛወረ። ካንጂ ኢኖዌ የተባለው ጃፓናዊ ደግሞ በ1982 ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በገባ ፊኛ የጠበበውን በር ከፈተ። በእኛም አገር ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መሥርተው፣ ልጆች ወደ ውጭ አገር ሄደው እንዲታከሙ ሲደክሙ ቆይተው፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ሊከፈት በቃ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል።

ይሁን እንጂ «በየክፍለ አገሩ የልብ ቀዶ ጥገና ቤት ይሠራልን» ለሚሉ ወዳጆቻችን የምንመልሰው ቃል አለን። ይሠራ፤ ግን መጀመሪያ መርፌው ይድረስ። በአዲስ አበባ ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺህ ይቆጠራሉ። የብረት በር የተተከለለትም ሰው ደም የሚያቀጥን ክኒን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይውጣል፤ ደሙንም ዘወትር ያስመረምራል። ይህን ከአንድ የስማዳ ቆላ ገበሬ እንዴት እንጠብቃለን? በሯ የጠበበባት ሴት ልጅ ደግሞ ሳታውቀው በልጅነቷ ተድራ ስትፀንስ፣ የእርግዝናው ደም ለልቧ ይከብዳትና በወሊድ ጊዜ ትሞታለች፤ ሰውም በወሊድ ሞተች ይላል እንጂ በጉሮሮዋ ሞተች አይልም።

በደሉ ሁሉ የሕዝቡ ነው ማለታችን አይደለም። የእኛም ወገን ጥፋት አለበት። ያ ወጣት መርፌው ታዞለት በሄደበት አንድ ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ መድኃኒቱ አልቋል ተባለ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ መርፌው ሰው ይገድላል ብሎ የፈራ ባለሙያ ሳይወጋው መለሰው። ለፔኒሲሊን ሰውነቱ የሚቈጣ ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ ስለዚህ ጠይቆ፣ የመከላከያውን መድኃኒት አዘጋጅቶ መውጋት ይገባል። ልቡ በጣም የደከመ ሕመምተኛም ሐኪም አይቶት በክኒን ሊተካለት ይችላል። ነገር ግን ከፍርሃት የተነሣ ሁሉንም መመለስ፣ ከመርፌው ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል ነው።

መምህራን ሆይ፥ እናንተ ከእኛ ቀድማችሁ ልጁን ታያላችሁ። ትኩሳት ይዞት መዋጥ ያቃተውን፣ ትናንት በቀኝ ጉልበቱ ዛሬ በግራ ቁርጭምጭሚቱ የሚያነክሰውን፣ በጨዋታ ሰዓት ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚቀመጠውን «ሰነፍ ነው» ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ስደዱት። የአብነት ትምህርት ቤት መምህራንንም በአክብሮት የምንለምነው አለን። በአንዲት ጠባብ ጎጆ ብዙ ተማሪ ተጠጋግቶ ሲያድር ያንዱ ጉሮሮ የሁሉ ይሆናል። ጎጆዎቹ ቢበዙ፣ መስኮት ቢወጣላቸው፣ ጉሮሮውን የታመመውም ከዜማው ጥቂት ቀን ቢያርፍ፣ ድጓው አይጐድልም።

ወጣቱ ዛሬ መርፌውን ሳያቋርጥ ይወጋል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ባይችልም ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። መጀመሪያ ቀኑን በወር በዓል ይቈጥር ነበርና፣ ወራችን ሠላሳ ቀን ስለ ሆነ ሁለት ቀን ያሳልፍ ነበር፤ በጳጉሜን ወቅት ደግሞ ሰባት ቀን አለፈው። አሁን ግን በገበያ ቀን እንዲቈጥር መከርነው፤ በየአራተኛው ገበያ ካርዱን ይዞ ይመጣል።