ውሻችንን ሲያሳክከው ቅባት መቼና እንዴት?

በከተማም ሆነ በገጠር ብዙዎቻችን ግቢያችንን የሚጠብቅ ውሻ አለን። ውሻ በበላበት ይጮሃልና ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀን ያድራል፤ ቀን ደግሞ የልጆቻችን ጓደኛ ነው። ይሁን እንጂ ጠጉሩ ረግፎ ማከክ ሲጀምር በብዙ ቤት የሚደረገው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ያገኙትን ነገር መቀባት፣ አለዚያም ከግቢ አውጥቶ መጣል። እኔም ባለፈው ጥቅምት አክስቴን ለመጠየቅ ወደ እነዋሪ በሄድሁ ጊዜ ይኸው ጉዳይ ስለ ገጠመኝ፣ ለእናቶች ይጠቅማል በማለት በዚህ ሳምንት ዓምዳችን አቀርበዋለሁ።

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ጅሩ ሲባል ሰንጋው ይታወሳል፤ ባለቤቱ በሬውን ቤት አስገብቶና መኖውን መርጦ ሲቀልብ ቆይቶ ለበዓል ገበያ ያወጣዋል። አክስቴም ቤት ሰንጋ አለ። ሰንጋውን ሌሊት የሚጠብቀው ቦቢ የሚባለው ውሻቸው ነው። እኔ ስደርስ የቦቢ ጠጉር ከጅራቱ ሥርና ከሆዱ ላይ ሳስቶ፣ ቆዳው ደርቆና ተቀርፍፎ፣ ሌሊቱን ሲያክና ሲነክስ ያድር ነበር።

አክስቴ የተጨነቁት ለልጅ ልጃቸው ነው። ልጅቱ የስድስት ዓመት ሕፃን ስትሆን ከቦቢ አንገት አትለይም። «እከክ ነው፤ ልጅቱን ሳያስይዛት ወንዝ አሻግራችሁ ጣሉት» አሉ። ልጃቸው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሊቀባው አስቦ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጀሪካን ይዞ መጥቷል። እኔም ዐዋቂ መስዬ የፊት ቅባቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሕፃኗ ማልቀስ ስትጀምር ግን ሦስታችንም ዝም አልን። «እትዬ፣ እባክዎ መጀመሪያ ለሐኪም ይታይ» ብዬ ለመንኋቸውና በማግስቱ ቦቢን በገመድ ይዘን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሙ ጠጉሩን ገላልጦ አየ፤ የጆሮውን ጠርዝና ክርኑን ዳሰሰ፤ ቆዳውንም በምላጭ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ከዚያም «እማማ፣ የእከክ ምልክት አላየሁበትም፤ ቁንጫ ግን ወርሮታል። የቁንጫው ምራቅ ለሰውነቱ አልተስማማውም፤ ይህ አለርጂ ይባላል። አለርጂ ደግሞ ከውሻ ወደ ልጅ አይተላለፍም» አላቸው። አክስቴ ያን ጊዜ እፎይ አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሻን የሚያሳክከው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ፣ ቆዳ ሰርስራ የምትገባ ተባይ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርንና ከሆድ ትጀምራለች፤ ወደ ሌላ ውሻ ትዛመታለች፤ ውሻውን ያቀፈ ልጅንም ለጊዜው ልታሳክከው ትችላለች። ለዚህ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት እንጂ ቅባት መፍትሔ አይሆንም። የቁንጫ አለርጂ ደግሞ በአመዛኙ በወገብና በጅራት ሥር ይታያል። ሦስተኛው ዓይነት በአቧራ፣ በአበባ ብናኝ ወይም በሻጋታ ምክንያት የሚመጣው አለርጂ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ውሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ዕድሜ ላይ ሳለ ይጀምራል፤ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ብብቱንና መዳፉን ያሳክከዋል፤ በዘርም ይወረሳል።

ታዲያ ማለስለሻ ቅባት ምን ይሠራል? ጤናማ ቆዳ በጭቃ እንደ ተመረገ ካብ ነው። ድንጋዩ የቆዳው ሕዋስ፣ ጭቃው በሕዋሶቹ መካከል ያለው ስብ ነው። አለርጂ ያለበት ውሻ ይህ ስብ ስለሚጎድለው እርጥበቱ ይወጣል፤ አቧራና ጀርም ይገባል፤ ባከከም ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ማለስለሻው ክፍተቱን በመጠኑ ሸፍኖ እርጥበቱን ያቆያል። ስለዚህ ቅባት አለርጂን ነቅሎ አያድንም፤ ማሳከኩን ግን ያስታግሣል።

ሐኪሙ ያዘዘልን የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያ ቁንጫው ይጥፋ፤ በግቢው ያሉ ውሾችና ድመቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ መድኃኒት ያግኙ፤ የሚተኙበት ጨርቅ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቀጥሎ ውሻው በሳምንት አንድ ጊዜ በአጃ ውሃ ይታጠብ። አጃ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚበቅል የታወቀ እህል ነው፤ የላመ የአጃ ዱቄት ቆዳ እንደሚጠብቅ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ስኳርም ጨውም የሌለበት ዱቄት በጣም ልሞ ይፈጫል፤ መላሙን ለማወቅ አንድ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት መንጣት አለበት። አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ በገላው ላይ ይፈስሳል፤ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል።

ከታጠበ በኋላ በፎጣ ጫን ጫን እየተደረገ ይደርቃል እንጂ አይታሽም። ገላው ገና እርጥብ ሳለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተቀላቅሎ በደረቀው ቆዳ ላይ በስሱ ይቀባል። ግሊሰሪኑ ከፋርማሲ ሲገዛ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ይሁን። ውሻው ወዲያው እንዳይልሰው እህል ይሰጠው ወይም ለ15 ደቂቃ ያህል ይንሸራሸር። በተላጠ፣ በቆሰለ ወይም መግል በያዘ ቆዳ ላይ ግን አይቀባም፤ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። እንደ እነዋሪ ባለ ደጋ ቦታ እጥበቱ በቀትር ፀሐይ እንጂ በማታ አይሆንም።

የማይደረገውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መርዝ ነው፤ ውሻው ሲልሰው ወደ ሆዱ ይገባል፤ ቆዳውንም ያቃጥላል። ለእህል ተባይ የሚነፋ መድኃኒትም ከዚህ አይሻልም፤ ውሻውን ለሚያቅፈው ልጅም ያሰጋል። የልብስ ሳሙናና ኦሞ ያለችውን ስብ ጠርገው ቆዳውን ይባስ ያደርቁታል። ቅቤ ይበላሻል፤ ዝንብና አቧራ ይሰበስባል። የእኔም የፊት ቅባት ቢሆን ለውሻ አልተሠራም፤ በተለይ ዚንክ ኦክሳይድ ያለባቸው የሕፃናት ቅባቶች በውሻ ሲላሱ ይመርዛሉ። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የስቴሮይድ ቅባት መቀባትም አይገባም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥንቃቄ ተይዞ ለውጥ ያላሳየ፣ ወይም ጆሮው የሚሸት ውሻ እንደገና ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ እንዳለ አትዘንጉ። በዚያው አጋጣሚ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱንም አስከትቡት፤ ልጆች ላሉበት ቤት ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ለአክስቴ ስልክ ደውዬ ነበር። የቦቢ ማሳከክ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሌሊት መተኛት ጀምሯል፤ በጅራቱ ሥርም ጠጉር በቅሏል። አጃውን የምትበጠብጠው ሕፃኗ ናት አሉኝ። የሞተር ዘይቱ ጀሪካን ግን ወደ መጣበት ጋራዥ ተመልሷል።

እስከ ሳምንት ደኅና ሁኑ።