ክፍቱ ማዳመጫና የሰንዳፋው ገዢ ኪስ

በፖሊስ ዩኒቨርሲቲዋ የምትታወቀው ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረራቸውን ተቀብላ የምታኖር ከተማ ናት። ከእነዚህ መካከል ኮምፒዩተራቸውን ታቅፈው የወጡ፣ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዘፈንና መዝሙር እያቀናበሩ እንጀራቸውን የሚበሉ ወጣቶች አሉ። እንዲህ ያለው ባለሙያ የወራት ቁጠባውን ይዞ መርካቶ ሲወርድና ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ይሄኛው ቤዙ ኃይለኛ ነው» የሚል ነው። ገዢው የጠየቀው ሌላ፣ ሻጩ የመለሰው ሌላ።

ክፍት ማዳመጫ አዲስ ነገር አይደለም። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414 የተባለውን የመጀመሪያውን ክፍት ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጦለታል። ሶኒ በ1979 ዎክማንን ሲያወጣ አብሮ የሰጠው ባለ ስፖንጁ ቀላል ማዳመጫም ክፍት ነበር። ካሴት በዎክማን ያዳመጠ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠውም ዘፈኑን አብሮ ይሰማ ነበርና። አሠራሩ ቀላል ነው። ድምፅ አውጪው ከኋላው በፕላስቲክ አይደፈንም፤ አየሩ በወንፊቱ በኩል ይወጣል ይገባል። በዚህ ምክንያት ድምፁ በጆሮ ውስጥ አይታፈንም፣ መሣሪያዎቹም ተራርቀው ይሰማሉ። በምትኩ ዝቅተኛው ድምፅ፣ ሻጩ የሚያወድሰው ቤዝ፣ ከተዘጋው ማዳመጫ ይልቅ ይሳሳል። ስለዚህ «ክፍት ነው፣ ቤዙም ኃይለኛ ነው» ሲባል ገዢው ቆም ብሎ ቢጠይቅ አይጎዳም።

ለሰንዳፋው ወጣት ትልቁ ፈተና ግን ዝነኛው ስም ነው። ስለ ክፍት ማዳመጫ የጠየቀ ሁሉ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የሚል መልስ ያገኛል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ዕቃ ዝናው የተገባው ነው። በ2003 የተከተለው ኤችዲ 650ም እንዲሁ። የኋለኛው ቀለሙን ቀይሮ ኤችዲ 6ኤክስኤክስ በሚል ስም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በ200 ዶላር ገደማ ሲቀርብ የብዙዎችን ልብ አሸፍቷል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። በድሮው ሒሳብ 11 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ዕቃ የማጓጓዣና የቀረጥ ሳይታከልበት ከ20 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ የማዳመጫው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ብቻ ነው። እነዚህ ዝነኞች 300 ኦም ናቸው። ኦሙ ከፍ ሲል ማዳመጫው ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈልጋል፤ ስልክ ደግሞ ይህን አይሰጥም። ስልክ ላይ ሲሰኩት ይጮኻል እንጂ አይሞላም፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተው እንኳ «ይኼ ነው እንዴ ያ ሁሉ ወሬ?» ያሰኛል። እናም አምፕሊፋየር መግዛት ግድ ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬት የሚሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ የባለ 300 ኦሙ ባለቤት ሥራውን አቁሞ ሻማ ሲፈልግ፣ ከላፕቶፑና ከስልኩ ባትሪ የሚሠራ ማዳመጫ ያለው ጎረቤቱ ለነገ የተቀጠረበትን መዝሙር ይጨርሳል። ቀን ቆርጦ ሥራ ለተቀበለ ሰው ይህ ልዩነት ከድምፅ ጥራት ልዩነት ይበልጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ነው።

በዚህ ሚዛን ከታየ ጠባብ ኪስ ላለው ሰው የተሻለው ፊሊፕስ ኤስኤችፒ9500 ወይም ተከታዩ 9600 ነው። ሁለቱም 32 ኦም ናቸው፤ ጃክ ያለው ስልክ በቀላሉ ያንቀሳቅሳቸዋል። ገመዳቸው ይነቀላል፤ ሲበጠስ የሚተካው ከየትም የሚገኝ ተራ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ነው። ነቀፌታ የለባቸውም ማለት አይደለም። የ9500 የጆሮ ትራስ በማጣበቂያ የተያዘ በመሆኑ ሲያረጅ ለመቀየር ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚህም ያነሰ ገንዘብ ላለው ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ የሚሸጠው የአሜሪካው ኮስ ፖርታ ፕሮ አለ። ሲያዩት የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ሲሰሙት ግን ሐሳብ ያስቀይራል። ስፖንጁ ሲበጣጠስ በትንሽ ገንዘብ ይተካል።

እዚህ ላይ ኦም ብቻውን መመዘኛ እንዳይሆን ያስፈልጋል። የቻይናው ሃይፋይማን ኤችኢ400ኤስኢ ኦሙ ከፊሊፕሱም ያነሰ ነው፤ ይሁንና በአንድ ሚሊዋት የሚያወጣው ድምፅ 91 ዴሲቤል ብቻ ነው። የፖርታ ፕሮ 101 ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት እኩል ለመጮኽ አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ ይህኛውም ዞሮ ዞሮ አምፕሊፋየር ያስገዛል። በካርቶኑ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ሻጩ አንዱን ብቻ ካነበበ ሌላውን ገዢው ያንብብ።

በየስቱዲዮው የሚታየው የበየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮም ይፈተናል። የለመደው 250 ኦም ሲሆን ገመዱ የማይነቀል ነው። ከሁሉ በላይ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል። ይህን ለማወቅ በገና በቂ ነው። የበገና አሥሩ አውታሮች የሚያስተጋቡት እንዚራ በሚባሉት ቁርጥራጭ ቆዳዎች ምክንያት ነው፤ ያ ንዝረት በፊሊፕሱ ላይ ሞቅ ብሎ ሲሰማ በዲቲ 990 ላይ ይሾላል። የዘማሪው «ሰ» እና «ሸ»ም እንዲሁ ጆሮ ይወጋሉ። በእርሱ ያቀናበረ ሰው የሾለውን ለማለዘብ ሲል ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሥራው በመኪና ሬዲዮ ሲከፈት ደንቆሮ ሆኖ ይገኛል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሮ ኤክስ 48 ኦም ሆኖ ገመዱም የሚነቀል መሆኑ ግን መልካም ለውጥ ነው፤ ዋጋው ለዚህ ገዢ ይቀርባል ማለት ባይቻልም።

ሌላው ጉዳይ ቤቱ ራሱ ነው። የሰንዳፋ አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚያልፈው ከባድ መኪና ብዙ ነው። መንገድ ዳር የተከራየ ሰው ክፍት ማዳመጫ ቢያደርግም ከመዝሙሩ ጋር አብሮ የሲኖትራኩን ሞተር ይሰማል። ወንፊቱ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ያስገባልና። በአንድ ክፍል ቤት ሕፃን የሚያስተኛ ከሆነ ደግሞ ችግሩ በተቃራኒው ይመጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን ድምፅ የሚቀርጽበት ጊዜ ነው። ዘማሪው በክፍት ማዳመጫ ሙዚቃውን እየሰማ ሲዘምር፣ ከማዳመጫው የሚያመልጠው ሙዚቃ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀረጻም ቅንብርም በአንድ ማዳመጫ ለመሥራት የተገደደ ሰው ክፍቱን ትቶ የተዘጋውን ቢገዛ ይሻለዋል። ይህን የሚናገር ሻጭ ብዙም አይገኝም። ኤኬጂ ኬ240 ስቱዲዮን የመሰለው ከፊል ክፍትም ቢሆን ማምለጡን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም።

የመርካቶው ዕቃ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ገዢው የራሱን ስልክና ጠንቅቆ የሚያውቀውን ዘፈን ይያዝ። ማዳመጫውን አድርጎ እያዳመጠ የውጭውን ወንፊት በመዳፉ ይክደን። እውነተኛ ክፍት ከሆነ ድምፁ ወዲያው ይለወጣል፤ ይታፈናል፣ ይጠብባል። ምንም ካልተለወጠ ወንፊቱ ጌጥ ነው፣ ከኋላው ፕላስቲክ አለ። ቀኝና ግራው እኩል መጮኹን፣ ገመዱ ሲወዛወዝ አለመቆራረጡን ማየት ከዚያ ይከተላል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ከሐሰተኛ ዕቃ ስጋት ይሻላል፤ ነገር ግን ዋስትናው ሰንዳፋ ድረስ አይደርስም። ዘመዱ ገና ሳይነሣ ተጨማሪ ገመድና ትራስ አብሮ እንዲገዛ ቢነገረው፣ ሁለቱ በሻንጣው ጥግ የሚይዙት ቦታ ከአንድ ጥንድ ካልሲ አይበልጥም።